አራተኛው ደረጃ

የመርካቶ ነጋዴ ገዢ በሩ ላይ ቆሞ እያየው «ትንሽ ቆይ» ሲል በሕይወቴ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እዚያው ተወልጄ እዚያው ስላደግኩ ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። የሰማሁበት ቀን ዓርብ ነበር፤ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የዚያን ቀን የሆነውን ሳወራ እስከ ዛሬ ደረቴ ይነፋል። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው። ከሞምባሳ አንድ ኬንያዊ ሰዓሊ መጣ። በአገሩ የታክሲ ሚኒባሶችን ከጣሪያ እስከ ጎማ በሥዕል የሚሞላ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር። ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ ተቀምጦ ሕፃናትን በነፃ ሥዕል ሊያስተምር ፈቅዶ ነው የመጣው። የጋበዙት ሰዎች አንድ ትምህርት ቤት አዘጋጅተውለት ነበር። በክረምት የእኛ አገር ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑን ግን እሱ አያውቅም፣ እነሱም በወረቀት ሥራ ተጠምደው ረስተውታል። ሰውየው አንድ ሻንጣ ሙሉ ብሩሽ ይዞ መጥቶ አንድ ልጅ እንኳ አጣ። ከጋበዙት መሀል አንዷ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነበረችና ደወለችልኝ።

«በክረምት ልጆች የት ይገኛሉ?» አለችኝ።

«መርካቶ» አልኳት።

ብዙም አላሰብኩበትም፣ ግን እውነት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የነጋዴውም፣ የተሸካሚውም፣ የጀብሎውም ልጅ ወላጁን ተከትሎ ገበያ ይውላል። ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ይላካል፣ ይቆጡታል። እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው።

አባቴ ከሲኒማ ራስ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ድስት ይሸጣል። ሱቆቹ ዘጠኝ ናቸው። ከአባቴ ሱቅ በላይ በጣውላ ደረጃ የሚወጣባት አንዲት መጋዘን አለች፤ የመተላለፊያው ሰው ሁሉ «ፎቁ» ነው የሚላት። ያኔ ባዶዋን ነበረች፤ አባቴ ያዘዘው ዕቃ ገና አልደረሰም። ቦታ እንዳለ ስለማውቅ አፌን ሞልቼ «መርካቶ» አልኩ፤ አባቴን ማስፈቀድ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኔና ስለ አባቴ ትንሽ ልናገር። እኔ ሥዕል ተምሬ ተመርቄያለሁ። የምተዳደረው ግን በአንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድና ባነር እየሠራሁ ነው፤ ሥዕሎቼ አልጋዬ ሥር ናቸው። አባቴ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው «ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው» ይላል። ውሸት አይደለም፤ በሰማሁት ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል። ፎቁን የለመንኩትም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ነው።

«ሁለት ወር ብቻ ነው፣ አባባ።»

«ለልጆች ሥዕል?»

«ለልጆች ሥዕል።»

አንድ ትልቅ ድስት በጨርቅ ወለወለ። «ዕቃዬ በነሐሴ መጨረሻ ይገባል። የገባ ዕለት ትለቃላችሁ። ደግሞ ጫማችሁን ደረጃው ላይ አውልቁ። ካርቶን የሚቀመጥበት ወለል ላይ ጭቃ አልፈልግም» አለኝ።

እንግዳውን መሳለሚያ ላይ ተቀበልኩት። ከታክሲ ወርዶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ ተደርድረው የቆሙትን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች በሐዘን እያየ «ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ማን ነው የተወው?» አለኝ። በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። ያን ጊዜ ይህ ሰው እንደሚስማማኝ አወቅኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ያህል ልጆች ጫማቸውን በየደረጃው አውልቀው ገቡ። ወረቀት አደልናቸውና «የወደዳችሁትን ሣሉ» አልናቸው። ሃያውም አንድ ዓይነት ሥዕል ሣሉ። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቤት፣ ከጎኑ አንድ ዛፍ፣ ከኋላው ሁለት ተራራ፣ ጥግ ላይ ፀሐይ። እንግዳው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየና አንዱን አንስቶ «ይህ ቤት የት ነው ያለው?» አለ። ተረጎምኩ። ልጁ ትንሽ አሰበና «ደብተር ላይ» አለ።

ከዚያ በኋላ እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ወደ ታች እንልካቸው ጀመር። እያንዳንዱ ወርዶ አንድ ነገር መርጦ እስከ መቶ እየቆጠረ ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ሳያይ ይሥላል። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። አንዱ ልጅ ባልዲ ላይ አፍጥጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆም ያዩ «ምን ሆኖ ነው፣ ታሞ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጆቹ ግን በሳምንት ውስጥ ተለወጡ። የዛፉና የተራራው ነገር ቀረና የባልዲ እጀታ፣ የሚዛን መንጠቆ፣ ጆንያ ላይ የተኛች ድመት መጣ።

እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ችግሩ፣ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር እኔ አምስት እተረጉማለሁ። ስለ ጥላ ሲናገር ስለ ብርሃን እጨምራለሁ፣ ስለ ቀይ ሲናገር ስለ አረንጓዴ። እሱ ደግሞ አማርኛ አይስማ እንጂ ሞኝ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠና «ዛሬ እኔ እማራለሁ፤ ከኔ ይልቅ ብዙ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ባፍርም ተነሥቼ አስተማርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩል እኩል ሆንን። ጠዋት ፎቁ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት። እውነቱን ለመናገር፣ ከተመረቅኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ «አትንካ፣ አትቀመጥ፣ ዞር በል» ሲባል የሚውል ልጅ፣ የሣለውን ከፍ አድርጎ ይዞ «ሚስ፣ እይው» ሲለኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። አንዳንዴም አፌ አያርፍም። «ሥዕል ሥራ ነው ወይ ብለው የሚጠይቋችሁ ይኖራሉ፤ እኔም ቤት አሉ። መልስ አትስጧቸው፣ ሥሩ» እያልኩ እሰብካቸው ነበር።

በዚህ መሀል አባቴና እንግዳው ወዳጅ ሆኑ። እንግዳው ሙስሊም ስለነበር ዓርብ ዓርብ አብረው ለጁምዓ ይሄዳሉ። አባቴ በንግድ የለመዳት ትንሽ ዓረብኛ አለችው፤ ሰውየው የሚናገረው ስዋሂሊም ከዓረብኛ የወሰዳቸው ቃላት አሉት። በእነዚህ ሠላሳ በማይሞሉ ቃላት ቁጭ ብለው ሲያወሩ ይውላሉ። አባቴ ለጎረቤቶቹ ሲያስተዋውቀው «ሰዓሊው» ይለዋል። እኔን ማተሚያ ቤት፣ እሱን ሰዓሊው። ቅናት ነበር፣ አልደብቅም።

ነሐሴ ሲገባ ማስተማሩ በኬንያዊው መሄድ እንዳያበቃ ፈለግኩ። እሱ ሲሄድ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እቀጥላለሁ፤ የሚያስፈልገኝ ፎቁ ብቻ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ አባቴን ጠየቅኩት።

«ዕቃውስ?» አለኝ።

«ሌላ ቦታ ካገኘህለት።»

«መርካቶ ውስጥ ሌላ ቦታ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን አቆመና አየኝ። «አንድ ወር ሙሉ ልጆች ከላይ ሲረግጡ እሰማለሁ። ምን እንደምትሠሩ የመተላለፊያው ሰው አያውቅም። የሚታይ ነገር አሳዩ። ሰው ሁሉ ይየውና፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ።

ያን ቃል እንደ ውል ያዝኩት። ዕቃው ሳይገባ የሚታይ ነገር ካሳየን ፎቁ ሊተርፍ ይችላል፤ ካላሳየን ካርቶን ይገባበታል፣ ልጆቹም ወደየካርቶናቸው ይመለሳሉ።

ምን እንደምናሳይ ያገኘው እንግዳው ነው። አንድ እሑድ የረሳሁትን መጽሐፍ ልወስድ ፎቁ ድረስ አብሮኝ መጣ። እሑድ መርካቶ ዝግ ነው። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ዘጠኙ ግራጫ የላሜራ በሮች ተዘግተው ቆመዋል። ሰውየው መሳለሚያ ላይ ሚኒባሶቹን እንዳየ አያቸው። «እነዚህ ጎማ የሌላቸው ታክሲዎች ናቸው» አለኝ።

አባቴን ስነግረው «ስምንቱን ራስሽ ለምኚ። ከፈቀዱ የኔንም ቀቡት» አለ። በየሱቁ ዞርኩ። ቀለሙ ዝገት ይከላከላል ስላቸው የብዙዎቹ ፊት በራ። ፍራሽ የሚሸጡት እትዬ፣ በመተላለፊያው ያሉት ብቸኛዋ ሴት ነጋዴ፣ «ደማቅ ይሁን እንጂ እንዳሻችሁ» አሉ። ያስቸገሩኝ የፔርሙስ ነጋዴው ነበሩ። ከአባቴ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው።

«በሬ ላይ ፊት ያለው ነገር እንዳትሥሉ። ሰውም ቢሆን እንስሳ፣ ፊት አልፈልግም» አሉኝ።

ሃይማኖታቸው ነውና አልተከራከርኩም። ለልጆቹ ስነግራቸው ግን ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ የሳቸውን በር ባዶ እንተወው አለ። ገሚሱ ደግሞ ለአንዱ ያልተሣለ ለማንም አይሣል አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ከሸማ ተራ በእግሯ ነው የምትመጣው፣ አባቷ ሸማኔ ነው። «እኛ እኮ ቁጭ ብለን ስለምንውል የምናየው ፊት አይደለም፣ ጫማ ነው» አለች።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። የእገሌ ነጋዴ ጫማ ክሩ ቡኒ ነው፤ የእገሌ ሰንደል ማሰሪያ በሽቦ ተይዟል፤ እትዬ ክረምት ሲሆን አረንጓዴ ቦት ያደርጋሉ። ለሰላት በቀን ደጋግሞ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ክር ሲፈታና ሲያስር አይውልም፤ የኛ መተላለፊያ ነጋዴዎች የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠው ነው የሚጎትቱት። ልጆቹ የማን ተረከዝ በየት በኩል እንደተጨፈለቀ ሳይቀር ያውቃሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስመላለስ ይህን አላየሁም።

ስለዚህ ዘጠኙ በሮች ላይ እግር ብቻ ሊሣል ተወሰነ። ከጉልበት በታች የሚያልፍ አንድ ሙሉ ገበያ።

የቀረን ችግር ትንሿን ሥዕል ወደ ትልቁ በር ማሸጋገሩ ነበር። እንግዳው በአገሩ በዓይኑ ለክቶ በቀጥታ ነው የሚሥለው፤ ልጆቹ ግን ሲሞክሩ እግሩ ከጭነቱ ይበልጣል። የሸማ ተራዋን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምቆጣት ነገር ነበረኝ። ባዶ ወረቀት ስትሰጣት መጀመሪያ በሙሉ ትናንሽ ካሬ ታሰምርበታለች። «ነፃ ሁኚ፣ መስመሩን ተዪው» ስላት ከርሜያለሁ። አሁን ወረቀቷን ይዛ መጣችና እንዲህ አለች፣ «ሚስ፣ ደንበኛ ትንሽ ጥለት አምጥቶ ትልቅ ሲያዝ አባቴ ይቆጥረዋል። እዚህ አንድ የነበረው እዚያ አሥር ይሆናል። በሩንም ብንቆጥረውስ?»

በካሬ ማስፋት እኔም ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ተምሬ ረስቼው ደግሞ ልጅቷን ስቆጣባት ቆየሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷ ግን ገመድ ፍለጋ ሄዳ ነበር።

ሦስት እሑዶች ሠራን። በመጀመሪያው በሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ መደቡን ቀባን። በሁለተኛው ገመዱን ኖራ እያስነካን ካሬውን አሰመርንና ንድፉን አወጣን። በሦስተኛው ቀለም። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ወጥረን ከሥሩ እንሰበሰባለን፣ ሲያባራ እንወጣለን፤ የልጆቹ ክንድ ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ታጥቦ ቀይ ሆኗል። የአባቴን በር የወሰደችው የሸማ ተራዋ ልጅ ነበረች። ወደ ፎቁ የሚወጣውን የጣውላ ደረጃ ሣለች፤ በየደረጃው የልጆቹን ጫማ ደረደረች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብቻ አንድ ትልቅ ጥቁር ጫማ አደረገች። የእንግዳው ጫማ መስሎኝ አልጠየቅኳትም።

ነጋዴዎቹ እሑድ አይመጡም፤ በሌላው ቀን ደግሞ ማለዳ የሚከፍቱትና ማታ የሚዘጉት ሠራተኞቻቸው ናቸው። ቢሆንም አስቀድመው እንዳያዩብን በሮቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንናቸው። ትልቅ ምርቃት አስቤ ነበር። ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ገበያው በሞላበት፣ ላስቲኩን በአንድ ጊዜ እናወርዳለን። እንግዳው ቅዳሜ ማታ ይበራል። የአባቴ ዕቃ ሰኞ ይገባል። ሁሉም በልኩ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

ሐሙስ ከልጆቹ ጋር የጥሪ ወረቀት በየሱቁ እያደልን ሳለ የሸማ ተራዋ ልጅ እጄን ጎተተች።

«ሚስ፣ ቅዳሜ ላስቲኩን ስናወርድ በሩን ማን ይዘጋዋል?»

ቀና ብዬ አየሁ። ክው አልኩ። የኛ ሱቅ ሲከፈት ሁለቱ የላሜራ መዝጊያዎች ወደ ውጭ ተገልብጠው ከግድግዳው ጋር ይለጠፋሉ። ውጭ የነበረው ገጽ ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ወደ ሰው የሚዞረው ውስጡ ነው፤ እሱም ላይ ዕቃ ይሰቀልበታል። እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ያደግኩት እኔ፣ በየቀኑ የማልፈው እኔ፣ ሱቅ ሲከፈት በሩ እንደሚዞር ረስቻለሁ። ሥዕላችን ቅዳሜ የሚያየው ግድግዳው ብቻ ነው።

ወደ አባቴ ሮጥኩ። ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት ብትዘጉስ አልኩት። አልተቆጣም፤ አዘነልኝ መሰለኝ። «ቅዳሜ ሱቅ የሚዘጋው ሰው የሞተበት ነው። ማን ሞተብን?» አለኝ።

ወደ ፎቁ ወጣሁ። እንግዳው ብሩሾቹን እያጠበ ነበር። ነገርኩት። ቅዳሜ አይዘጉም፤ እሑድ ሰው የለም፤ ሰኞ ዕቃው ይገባል፤ አለቀልን አልኩት። ሆድ ብሶኝ ነበርና ትንሽም አለቀስኩ። እሱ ብሩሹን አራገፈ።

«ነገ ለጁምዓ ስንሄድ ይዘጉ የለም እንዴ?»

«ይዘጋሉ። ግን ሁሉም መስጊድ ናቸው፣ ማን ያየዋል?»

«ሄደው አይመለሱም?» አለኝ።

እንባዬን ጠረግኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። ከዘጠኙ ሱቆች ዓርብ የማይዘጋው የእትዬ ነው፤ ክርስቲያን ናቸው። በሩጫ ወረድኩ።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት እኮ የኔ ፋሲካ ነው። ስምንቱ ሲዘጉ ገዢው ሁሉ የኔ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ካወቅሽ ለምን ትለምኚኛለሽ?»

«በርዎ ላይ የተሣለውን እንዲያዩ ነዋ።»

«ምንድን ነው የተሣለው?»

«አልነግርዎትም።»

እትዬ ብዙ ነገር ይችላሉ፤ ያልተነገራቸውን ነገር ግን አይችሉም። ዓርብ አዛን ሲል ከሁሉም ቀድመው የዘጉት እሳቸው ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመተላለፊያው አፍ ላይ ቆሙ።

ጠዋት ሲጥል ያረፈደው ዝናብ ቆሟል። ሠራተኞቹ በሮቹን ገፍተው ዘግተው ወጡ። እኔና ልጆቹ ብቻ ቀረን። ላስቲኩን አወረድን፣ ላሜራውን ጠረግን፣ እያንዳንዱ ልጅ የሣለው በር አጠገብ ቆመ። ከሩቅ የመስጊዱ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ የሰው ኮቴ መጣ።

መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው እየተጫወቱ ገቡ። የፊተኞቹ ቆሙ። ከኋላ የመጡት «ምንድን ነው?» እያሉ ገፏቸው፣ አዩ፣ እነሱም ቆሙ። በሁለቱም ወገን ገበያው ያልፋል። የተሸካሚ እግር ፍራሽ ተሸክሞ፣ የጋሪ ጎማ፣ የወደቀ ቲማቲም፣ የገጠር ሸማች ጭቃ የነካ ጫማ፣ በመሀሉ አረንጓዴ ቦት። «እኔን!» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

ያን ጊዜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። የተከበሩ ነጋዴዎች በሩን ያዩና ወደ ራሳቸው እግር ያጎነብሳሉ። ደግመው በሩን ያያሉ። የፔርሙስ ነጋዴው በራቸው ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። እዚያ ላይ ከተቆለሉ ፔርሙሶች ሥር ማሰሪያው በሽቦ የተያዘ ሰንደል አለ። ቀኝ እግራቸውን አንሥተው ከሥዕሉ አጠገብ አደረጉት።

«ፊት አትሣሉ ብዬ ነበር» አሉ።

«አልሣልንም፣ ጋሼ» አለ በሩን የሣለው ልጅ።

«አልሣላችሁም። ግን እኔው ነኝ።» ልጁን ራሱን ዳበስ አደረጉት።

ይህን ጊዜ አንድ ከክፍለ ሀገር የመጣ ገዢ ሰው እየገፋ ደረሰ። «ጋሼ፣ ክፈቱልኝ እንጂ፣ መኪና ቆሞብኛል» አላቸው። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት «ትንሽ ቆይ» አሉት። ሰውየው ያልሰሙት መስሎት ደገመ። እሳቸውም ደገሙ። ዘጠኝ ሱቅ፣ በገበያ ሰዓት፣ ሰላት አልቆ፣ ቁልፍ በእጅ ተይዞ፣ በሩን ለመክፈት የመጀመሪያው መሆን የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴን ፈለግኩት። ከእንግዳው ጋር የራሱ በር ፊት ቆሟል። እየተጠጋሁ ሳለ እንግዳው ባለ ክር ቡኒ ቡትስ ማድረጉን አየሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያደረገው ያንኑ ነው። በሥዕሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለው ትልቅ ጫማ ግን ጥቁር ነው፣ ተረከዙም ተረግጧል። ወደ አባቴ እግር አየሁ። ጥቁር፣ ተረከዙ የተረገጠ።

አባቴ የሸማ ተራዋን ልጅ ጠራት። «ማን ሣለው ይሄን?»

«እኔ፣ ሐጂ።»

«መቼ አየሽኝ?»

«ሁልጊዜ» አለች ልጅቷ። «ሚስ ስታስተምር መጥተው ይቀመጡ የለ። ውሃ ልጠጣ ስወጣ አይዎታለሁ።»

አባቴ ጺሙን ያዘ። እኔን አላየኝም፤ እኔም ልየው አልቻልኩም። ሁለት ወር ሙሉ ጫማውን አውልቆ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲሰማኝ ነበር። ስለ ጥላ የተናገርኩትን፣ ስለ ቀይና አረንጓዴ፣ «እኔም ቤት አሉ» ያልኩትን ጭምር።

«ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ሦስተኛው ደረጃ አይደለም። ሦስተኛው ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። አራተኛው ላይ ነው የምቀመጠው።»

ከዚያ ቁልፉን አወጣና ከፈተ። በሩ ተገለበጠ፣ ሥዕሉ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ድስቶቹ ተሰቀሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ ከፈቱ። ስለ ፎቁ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም የመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ቅዳሜ እንግዳው ሄደ። አባቴ አንድ ብረት ድስት ሰጥቶ ሸኘው፤ ሻንጣው ውስጥ ብሩሾቹ የነበሩበትን ቦታ ሞላው። ብሩሾቹን ለእኛ ትቷቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ውል ውል ነው ብዬ ፎቁን መልቀቅ ጀመርኩ። ልጆቹ ወረቀቶቻቸውን ይሰበስባሉ፤ እኔና የሸማ ተራዋ ልጅ ቀለም የምናስቀምጥበትን ጠረጴዛ ይዘን ደረጃውን እየወረድን ነው። ከታች ተሸካሚዎቹ «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ካርቶን ያስገባሉ። ግን ወደኛ የሚመጣ የለም። አንዱ ወደ ፔርሙሱ ሱቅ ይገባል፣ አንዱ ወደ ባልዲው፣ እትዬ ደግሞ ፍራሾቻቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው «እዚህ ጋ ደርድሩት» እያሉ ያዛሉ። ስምንቱም ለአባቴ ካርቶኖች ቦታ ለቀዋል። ማን እንደለመነ እስካሁን አላውቅም፤ ማንም አልነግር አለኝ።

የመኪናው ሹፌር የድሮ ሰው ነው፤ ግራ ገብቶት አባቴን ጠራው። «ሐጂ፣ ሁልጊዜ ፎቁ ላይ አልነበር እንዴ የምናራግፈው?»

አባቴ ካርቶን እየቆጠረ ነበር። ቀና ሳይል መለሰለት።

«ፎቁ ትምህርት ቤት ነው» አለ። «ልጄ ታስተምርበታለች። ሰዓሊ ናት።»

ከዚያ ቀና ሲል እኔን ደረጃው ላይ ጠረጴዛ ይዤ አየኝ። «እሱን ደግሞ ወዴት ነው የምትወስዱት? መልሱት» አለን። መለስነው። በተከታዩ እሑድ ልጅቷ ቀለሟን ይዛ መጣችና ጥቁሩን ጫማ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገችው።